የፕላስቲክ ትል መሐላ

የባሌን ሱሪ ኪሱን ሳልፈትሽ አላጥብም። ሹፌር ያገባች ሴት ከኪስ የማይወጣ ነገር እንደሌለ ታውቃለች፤ ብሎን ይወጣል፣ ካንዴላ ይወጣል፣ የደረቀ ጫት ይወጣል። ያን ቀን ግን እጄን ስሰድ የሆነ ለስላሳ፣ ቀዝቀዝ ያለ፣ የሚለጠጥ ነገር ያዝኩ። ስቤ ሳወጣው ጣቴን የሚያህል ቀይ ትል ነው፤ ጭራው ይርገፈገፋል። እሪ ብዬ ወረወርኩትና ሳፋውን ከነውሃው ደፋሁት። ባሌ ሽርጡን እያጠበቀ ከጓዳ ወጣ፣ ትሉን እንደ ወደቀ ሕፃን ከመሬት አነሳና አቧራውን እፍ አለለት።

«አቦ ምን ያስጮህሻል? ፕላስቲክ እኮ ነው» አለኝ።

«ፕላስቲክ ትል ምን ሊያደርግልህ? የአላህ ትል አነሰህ?»

«ለአሳ ነው።»

እኛ ያለነው ጭሮ ነው። ሽቅብ ብታይ ተራራ፣ ቁልቁል ብታይ ጫትና ማሽላ። አሳ የሚባለውን ፍጥረት እኔ የማውቀው ሱቃችን ውስጥ በቆርቆሮ ታሽጎ ነው። ስለዚህ የልጆቼ አባት አበደ ብዬ ባለቅስ አትፍረዱብኝ።

ነገሩ እንዲህ ነው። ባሌ ዕድሜውን በሙሉ ጫት የጫነ ሹፌር ነው። ከሂርና ጭኖ ድሬዳዋ ሲገባ እንዴት እንደሚነዳ ያየ ሰው ሁለተኛ ከእሱ ጋር አይሳፈርም። ሁልጊዜ ሲወጣ በሱቄ በር ቆሜ «ቀስ በል» እለዋለሁ፤ እሱም ሁልጊዜ መልሱ አንድ ነው፦ «ጫቱ ይጠወልጋል።» ጫት የሚሉት ነገር እንደሆነ እውነትም ትዕግሥት የለውም፤ ጠዋት ተቆርጦ ከሰዓት በኋላ በሰው ጉንጭ ካልገባ ገራባ ነው፣ የሚጣል። አንድ ቀን «ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል ሲባል አልሰማህም?» ብለው «እንቁላል ጫት አይጭንም» ብሎኝ ሞተሩን አስነሣ። ውሃ ቢወቅጡት እንቦጭ ነው፤ ተውኩት።

አምና ግን ዓይኑን ማሸት አመጣ። መጀመሪያ አቧራ ነው አለ። ቀጥሎ የመብራቱ ጥፋት ነው አለ። የሻይ ብርጭቆ ከጠረጴዛው ጫፍ እየገፋ መስበር ሲጀምር ደግሞ ብርጭቆውን ያስቀመጥኩት እኔ ጥፋተኛ ሆንኩ። ጎትቼ ሐኪም ቤት ወሰድኩት። ሐኪሙ የዓይን ግፊት ነው፣ እይታውን ከጎንና ከጎን እየበላበት ወደ መሀሉ መጥቷል፣ የሄደው አይመለስም፣ ጠብታውን ካላቋረጠ የቀረውን እናተርፋለን አለ። ከዚያ መሪ እንዳይነካ አስጠነቀቀው። ባሌ በጨዋ ደንብ ራሱን ነቅንቆ እሺ አለ። ከበሩ እንደወጣን «ሐኪሙ ልጅ እኮ ነው፣ ገና ጢም አላበቀለም» አለኝ።

መኪናዋ የእሱ አይደለችም። የጫት ነጋዴዋ ናት። እሷ እንግዲህ የዚህ ታሪክ ሁለተኛዋ ሴት ናት፤ ስልኮቿን ከደረቷ የማትለይ፣ በኦሮምኛ እየተሳደበች በአማርኛ የምትመርቅ፣ ሚዛን ሳትይዝ በእጇ መዝና ጫት የምትገዛ ጉደኛ። ባሌ አብሯት የሠራው ገና አንድ እስር ጫት በራሷ ተሸክማ ከምትሸጥበት ጊዜ ጀምሮ ነው። መኪናዋን ለሌላ ሹፌር ሰጠች፤ ትርፍ ቁልፉን ግን ባሌ አልመለሰም። እሷም አልጠየቀችውም። ቁልፉ ከኪሱ አይጠፋም፤ ሲተኛ ትራስ ሥር፣ ሲሰግድ ከምንጣፉ አጠገብ ነበር።

ሥራ የለመደ ሰው ቤት ሲውል ለጠላትም አይስጥ። ሱቄ በር ላይ ወንበር ዘርግቶ የሚያልፈውን መኪና ሁሉ ይተቻል። «ይሄ ማርሽ አያውቅም። ያኛው ፍሬኑን ጨረሰው።» ሳሙና ሊገዛ የመጣው ሰው ሳሙናውን ረስቶ ይሄዳል። ከሰዓት በኋላ ጫት የሚቃምበት በርጫ አለ፤ ከበርጫ በኋላ ምርቃና አለ፤ ምርቃናው ሲበርድ ደግሞ ጭቅጭቅ አለ። በየቀኑ ማለዳ ነጋዴዋ ዘንድ ይሄድና «ዛሬስ?» ይላታል። እሷ ስልክ የምታወራ መስላ ትዞራለች።

ትሎቹ የመጡት በዚህ መሀል ነው። ሚኤሶ ባቡሩ ላይ ይሠራ የነበረ አንድ ቻይና ነበር፤ በደህናው ዘመን መኪናው መንገድ ላይ ቆማበት ባሌ ጎትቶለት ወዳጅ ሆነዋል። ቻይናው ጓዙን ጠቅልሎ ሲሄድ የአሳ ማጥመጃ ዘንግና አንድ ሳጥን ጥሎለት ሄደ። ሳጥኑ ውስጥ ትል አለ፤ ቀይ፣ አረንጓዴ፣ ብልጭልጭ ያለበት። ከረሜላ ከረሜላ ይሸታሉ። ነጋዴዋ አንዱን አንስታ አሸተተችና «ወላሂ ይሄ ማስቲካ ነው» ብላ አፏ ልትከተው ስትል ነው እጇን የያዝኳት።

ከጭሮ ወረድ ብሎ ገበሬዎች ለመስኖ የገደቡት ኩሬ አለ። አሳ ተጨምሮበታል ይባላል። ማን እንደጨመረው፣ መቼ እንደጨመረው፣ ያየውስ ማን እንደሆነ ብትጠይቅ ሁሉም ወደ ጎረቤቱ ያመለክታል። ባሌ እዚያ ዘንጉን ይዞ መዋል ጀመረ። ገበያ የሚወጡ የቦኬ ገበሬዎች አህያቸውን አቁመው ያዩታል። አንዱ ሽማግሌ «ምን ታደርጋለህ?» ብሎ በኦሮምኛ ጠየቀው። «ቁርጡሚ እጠብቃለሁ» አለው፤ አሳ ማለቱ ነው። ሽማግሌው ኩሬውን አየ፣ ባሌን አየ፣ ትሉን አየና ለታመመ ሰው እንደሚባለው «አላህ ያሽርህ» ብሎት ሄደ።

መሐላው የመጣው ረመዳን ሊገባ ሲል ነው። ነጋዴዋ ሱቄ ተቀምጣ ሳለ ባሌ ባዶ እጁን ከኩሬው ተመለሰ። እኔም አፌ መች ያርፍና «ፕላስቲክ የሚበላ አሳ ከተገኘ፣ ያንተም ዓይን ይድናል» አልኩት። ቀልድ ነበር። እሱ ግን ፊቱ ተለዋወጠ።

«ስሙኝ ሁለታችሁም» አለ። «ወላሂ! ረመዳን ሳይወጣ በዚህች ፕላስቲክ አንድ አሳ ከያዝኩ መሪ በእጄ አልነካም። ካልያዝኩ ግን በዒድ ማግስት መኪናዬን ትሰጪኛለሽ። እሺ በይ!»

ነጋዴዋ ደንግጣ «እሺ» አለች። እሺታዋ ከአፏ ከወጣ በኋላ ነው ነገሩ የገባን። ይሄ ሰው እኮ ሞኝ አይደለም። ኩሬው ውስጥ አሳ እንደሌለ ከእኛ በላይ ያውቃል! በማይገኝ አሳ ምሎ ወደ መሪው ሊመለስ ነው። እኛ አገር ደግሞ በወላሂ አይቀለድም፤ ወላሂ ካልክ አልክ፣ የሰማም ሰማ።

«አሁን በዒድ ማግስት መጥቶ ቁልፉን ሲያሳየኝ ምን ልበለው?» አለችኝ ነጋዴዋ በማግስቱ። «አባቴ ሲያመው በሌሊት ነድቶ ሐኪም ቤት ያደረሰልኝ እሱ ነው። እምቢ የሚል አፍ የለኝም እኮ፣ እህቴ። እሺ ብዬ ደግሞ ደንገጎ ላይ ገደል ቢገባብኝስ?»

ደንገጎን የማያውቅ ካለ፣ ድሬዳዋ ለመውረድ መንገዱ እንደ እባብ የሚጠማዘዝበት ቁልቁለት ነው። ጉም ሲወርድበት ጤነኛ ዓይንም ያምታታል። ከዚያ ቀን ጀምሮ ዓይኔን ስከድን የማየው ያንን ኩርባ ነው። እንቅልፍ አጣሁ።

ረመዳን ገባ። ባሌ ከዙህር ሶላት በኋላ ዘንጉን ይዞ ይወርዳል። ሳይበላ፣ ሳይጠጣ፣ ሳይቅም፣ ውሃ ዳር ተቀምጦ ሌላውን ፍጥረት ብላ ብላ እያለ ይለማመጣል። «አሳውም ጾመኛ ይሆናል፤ ለምን በመግሪብ፣ ሲያፈጥር አትሞክረውም?» እለዋለሁ። ትሉን መልሶ ይወረውራል። ግን የማልጠብቀው ነገር አየሁበት፤ ጭቅጭቁ ቀነሰ። ያ ጫቱ ይጠወልጋል እያለ ሕይወቱን ሙሉ የሮጠ ሰው አንድ ክር እያየ ሙሉ ከሰዓት መዋል ቻለ። ትሎቹን በየዓይነታቸው እየለየ መጠቀም ጀመረ፤ ደመና ሲሆን ቀዩን፣ ፀሐይ ሲሆን አረንጓዴውን። ሳያስበው ልቡ ገባበት መሰለኝ። ሊሸነፍ የማለው ሰው ማሸነፍ አማረው።

አሳው ግን ወይ ፍንክች። ዒድ እየቀረበ መጣ። የጨነቀው እርጉዝ ያገባል ይባል የለ፣ ነጋዴዋ አንድ ቀን ሱቄ ገብታ በሩን ገርበብ አደረገችው።

«አሳው ካልመጣ እናምጣው» አለችኝ።

«ከየት?»

«ከአዋሽ። የሚኒባስ ሹፌር አዝዣለሁ።»

እኔ የነጋዴ ልጅ ነኝ፤ ቤተሰቤ ከስልጤ መጥቶ እዚህ ሱቅ ከከፈተ ጀምሮ በሚዛን ማታለል ነውር ነው ተብዬ ነው ያደግኩት። አሳ ግን በሚዛን አልሸጥንም። ደግሞስ መጀመሪያ ያታለለን ማን ሆነና! እሺ አልኳት።

አሳው መጣ። ክንድ የሚያህል ግሩም አሳ ነው፤ ነጋዴዋ ሳትፈታው ከነፌስታሉ በልብሷ ሸሽጋ ከእኔ ጋር ወደ ኩሬው ይዛው ወረደች። ባሌ ሁለታችንንም ሲያይ «ምነው፣ ሐዘንተኛ መጣ?» ብሎ ሳቀ። «ልናይህ ነው» አልነው። የዐስር ሶላት ደርሶ ነበርና ዘንጉን በድንጋይ መሀል አስደግፎ፣ ክሩን ውሃ ውስጥ እንደተወ፣ ውዱእ አድርጎ ከግራሩ ጀርባ ሊሰግድ ሄደ።

ተንደረደርን። እኔ ክሩን ጎተትኩ፣ እሷ ፌስታሉን ፈታች። ያኔ ነው ጉዱ የታየን። ሚኒባስ ነጂው መልካም የሠራ መስሎት፣ በሙቀቱ እንዳይበላሽ ብሎ፣ አዋሽ ላይ የአሳውን ሆድ ከጉሮሮው እስከ ጭራው አስቀድዶ፣ አንጀቱን አስወጥቶ፣ ጨው ነስንሶበታል! ለእኛ አሳ ማለት ለድስት የሚመጣ ነገር ነው፤ ከነአንጀቱ አምጣ ብሎ ማዘዝ ማናችንስ እናስበዋለን?

«ሆድ የሌለው አሳ ትል በልቶ የት ሊያስቀምጠው ነው?» አልኳት። ሳቅ አፈነኝ፤ ጾመኛ ሆኜ እንኳ አፌን በሻሼ ይዤ ተንፈራገጥኩ።

«አቦ ዝም በይ! ቶሎ በይ፣ ሁለተኛው ረከዓ ላይ ነው» አለችና መንጠቆውን አፉ ውስጥ ሰካችው። ከዚያ ቀሚሷን ሰብስባ ወደ ውሃው ገባች። አንድ ጫማዋን ጭቃው ዋጠው። ሌላኛውን ይዛ እየተንገዳገደች ስትወጣ ባሌ ወደ ቀኝና ወደ ግራ አሰላምቶ ሶላቱን ጨረሰ።

መጥቶ ዘንጉን ያዘ። «ከበድ አለኝ» አለ። ድምፁ ተለወጠ። ማጠንጠኛውን አዞረ፣ አዞረ፣ አሳው ከውሃው ብቅ አለ። «አላሁ አክበር!» ብሎ ጮኸ። ሮጦ አነሣውና ፊት ለፊቱ ወደ ፀሐይ ከፍ አደረገው። እንደዚያ ሲስቅ ካየሁት ቆይቷል።

«አያችሁ? በፕላስቲክ! አያችሁ ወይ?»

ያ የተሰነጠቀ ሆድ ወደ እሱ ዞሯል። ቡጢ ያስገባል። ውስጡ ባዶ፣ ነጭ፣ ገና ያልሟሟ የጨው እንክብል የተጣበቀበት። እኔ አሁን ይሰድበናል፣ አሁን አታላዮች ይለናል ብዬ መልሴን አዘጋጅቼ ስጠብቅ፣ እሱ ያንን ሆድ ትኩር ብሎ እያየ «እንዴት ያለ ድፍን አሳ ነው፣ ማሻአላህ!» አለ።

ነጋዴዋ ፈገግታዋ ፊቷ ላይ ደረቀ። ተያየን። ይህ ዓይን ነው እንግዲህ፣ እስከ አምና ደንገጎን በጉም የወረደው። ይህ ዓይን ነው አቧራ ነው፣ መብራት ነው፣ ብርጭቆ ነው የተባለው። ሐኪሙ ሲነግረኝ ሰምቼ ነበር፤ ያመንኩት ግን አሁን ነው። ተንኮላችን ተሳክቶልን እንደዚያ አዝኜ አላውቅም።

እሱ ምንም አላወቀም። ቁጢጥ ብሎ አሳውን ጠፍጣፋ ድንጋይ ላይ አጋደመና ከኪሱ ሰንጢ አወጣ። «ሆዱን እዚሁ ላጽዳው» አለ። በግራ እጁ የሚቆርጥበትን ቦታ ሲዳብስ አውራ ጣቱ ዘው ብሎ ገባ።

ጣቶቹን በሙሉ ከተተ። አወጣቸውና አፍተለተላቸው፤ የጨው እንክብል ተሰማው። ወደ አፍንጫው አስጠጋቸው። ሰንጢውን አጥፎ ኪሱ መለሰ።

«የት ነው የተከፈተው?» አለ ቀና ሳይል።

እኔ ልዋሽ ነበር። ነጋዴዋ ግን «አዋሽ» አለች።

«ከፍ አድርጌ ስይዘው ወደ እኔ ነበር የዞረው?»

«ወደ አንተ ነው» አልኩ።

«እንዲህ ሰፍቶ?»

«እንዲህ ሰፍቶ።»

ረጅም ጊዜ አሳውን በእጁ ሲዳብስ ቆየ። ዓይኑን ትቶ በጣቱ ያየው ነበር። ነጋዴዋ አንድ እግሯ ባዶ፣ ጭቃው እስከ ጉልበቷ፣ እንደ ተቀጣ ተማሪ ቆማለች።

«እንግዲህ አሳውን የያዝኩት እኔ አይደለሁም» አለ በመጨረሻ። «መሐላዬ አይይዘኝም።»

በገዛ ተንኮላችን ለዒድ ማግስት አሳልፈን ሰጠነው ብዬ ራሴን ረገምኩ። እሱ ግን ተነሣና እጁን በሽርጡ ጠርጎ፣ ከኪሱ ቁልፉን አወጣ። ነጋዴዋን ቅድም ድምጿን በሰማበት በኩል ነው የፈለጋት መሰለኝ፣ ትንሽ ወደ ጎን አሳልፎ ነው የዘረጋላት። እሷ ተራምዳ እጁ ሥር ገባች።

«ያለ መሐላ ውሰጂው» አላት።

ነጋዴዋ አለቀሰች። «አቦ፣ ወንድሜ…» ብላ መጨረስ አቃታት። ቁልፉን ከስልኮቿ ጋር ደረቷ ውስጥ ከተተችው። ከዚያ ጫማዋን ፍለጋ ብላ ፊቷን አዞረችና ወደ ጭቃው ተመለሰች፤ እኛም እንዳላየ ሆነን ተለየናት።

ማፍጠሪያው እየደረሰ ነበር። ከኩሬው ወደ ባጃጁ መንገድ የሚያወጣው አቀበት ድንጋያማ ነው። እኔ አሳውን በፌስታል፣ እሱ ዘንጉንና የትል ሳጥኑን ይዘን ጀመርን። ሾርባ ሳልጥድ ወጥቼ ነበርና እንደ ልማዴ ገሰገስኩ። ከኋላዬ ድንጋይ ሲንከባለል ሰማሁ። ቆሜ ጠበቅኩት። ደርሶ እጁን ትከሻዬ ላይ ጣለ። እንደ ባልና ሚስት በኖርንበት ዘመን ሁሉ በሰው ፊት እጄን ይዞኝ የማያውቅ ሰው ነው። ገበያተኛ ሁሉ በሚያይበት መንገድ ትከሻዬን ይዞ ሄደ። ደስ አለኝ፣ ደግሞም አዘንኩ። እንባዬ እንዳይመጣ ብዬ እርምጃዬን አፈጠንኩ።

«ቀስ በይ እንጂ፣ አቦ!» አለኝ።

«አሳው ይጠወልጋል» አልኩት።

ትከሻዬ ላይ ያለው እጁ ሲንቀጠቀጥ ተሰማኝና የሚያለቅስ መስሎኝ ዞር አልኩ። እየሳቀ ነበር። ቀስ አልኩለት።